ቆራሌው የማይወስደውን ማን ይውሰደው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ለዘመን መለወጫ ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ዕቃውን ወደ በረንዳ ስናወጣ፣ ከሳሎኑ ጥግ እስከ ጓዳው ድረስ በየስርቻው ተሸጉጦ የኖረው የተበላሸ ዕቃ አንድ ላይ ተደርድሮ ሳየው ደነገጥኩ። አንድ ከባድ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን፣ ሁለት የዲሽ ሪሲቨር፣ ካሴት የሚያጫውት ቴፕ፣ ሬዚስታንሱ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አንድ ስታብላይዘር፣ ከመካከላቸው የሁለቱ ባትሪ ያበጠ አራት የእጅ ስልኮች፣ ቆጥሬ ያልጨረስኳቸው ቻርጀሮች፣ ሦስት ሪሞት፣ በዘይት ቆርቆሮ የተጠራቀመ የባትሪ ድንጋይ፣ እንዲሁም ከተቃጠሉ በኋላ ወደየካርቶናቸው ተመልሰው የተቀመጡ ቆጣቢ አምፖሎች። ባለቤቴ «ይኼ ሁሉ ከእኛ ጋር ነው የኖረው?» ስትለኝ የምመልስላት አጥቼ ዝም አልኩ።

የምኖረው በደሴ ከተማ ነው። ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ስሆን፣ በሰፈራችን ቅሬ (ሌላው አገር እድር በሚለው) ደግሞ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ስለ ቆሻሻ ለጋዜጣ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሆኖም ያንን በረንዳ ላይ የተደረደረ ዕቃ በአግባቡ ከቤቴ ለማስወጣት ያደረግሁት ሙከራ አንድ ነገር ስላስተማረኝ፣ ችግሩም የእኔ ቤት ብቻ ችግር አለመሆኑን ስለተረዳሁ፣ የከተማችን አስተዳደርና ነዋሪው እንዲነጋገሩበት ይህን ደብዳቤ ልኬላችኋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈራችንን ቆሻሻ በጋሪ የሚሰበስቡት የማኅበር ልጆች ሲመጡ፣ የቤቱን ጥራጊ እንደተለመደው በማዳበሪያ አስረክቤ ቴሌቪዥኑን አቅፌ ወጣሁ። ጋሪውን የምትገፋው ወጣት ገና ከሩቅ አይታኝ እጇን አወዛወዘች። «ጋሼ፣ እሱን አንወስድም። ባለፈው አንዱ ልጅ ጭኖ መስተዋቱ ፈንድቶ እጁን ቆርጦታል። ገንዳው ውስጥ ብንጥለውም መኪናው ሲያነሣው ይሰባበራል፤ ከዚያ የምንጠየቀው እኛ ነን» አለችኝ። «ታዲያ ማን ይወስደዋል፣ ልጄ?» ብላት ትንሽ አሰብ አድርጋ «ያው ቆራሌው ነዋ» አለች። ልጅቱን አልወቅሳትም። በእጇ ላይ ከነበረው ከስስ የጨርቅ ጓንት በቀር መከላከያ አልነበራትም፤ ዕቃውን የምታደርስበት ቦታም ማንም አላሳያትም።

ሰኞ ዕለት ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባልኩት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ያነጋገረኝ ባለሙያ በትሕትና ተቀብሎ አስተናገደኝ፤ የነገረኝ ግን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በዕቅዳቸው ውስጥ እንደሌለ፣ ከፈለግሁም በሩ ላይ ብተወው ዘበኛው አንድ ነገር እንደሚያደርገው ነው። ተራዬን ስጠብቅ በቆየሁበት ኮሪደር ጥግ፣ የንብረት ቁጥር እንደተለጠፈባቸው የተደራረቡ አሮጌ የኮምፒውተር ስክሪኖችና ፕሪንተሮች አቧራ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ስወጣ የኔን በረንዳ በመንግሥት ቤት ያየሁት መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት ቆራሌው በሰፈራችን ሲያልፍ ጠራሁት። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ዕቃ ሲመርጥ ማየት በራሱ ትምህርት ነው። ስታብላይዘሩን አንሥቶ በእጁ መዘን መዘን አደረገውና፣ ውስጡ ያለውን የመዳብ ጥቅል በክብደቱ ብቻ ለይቶ ወዲያው ዋጋ ቆረጠ። ምጣዱን ለብረቱ፣ ቴፑን ለድምጽ ማጉያው ማግኔት ወሰደ። ቻርጀሮቹን ገመድ ገመዳቸውን እየሳበ አየና እሺ አለ። ሪሲቨሮቹን አገላብጦ ቆርቆሯቸውን ካንኳኳ በኋላ ተቀበለ። ቴሌቪዥኑ ዘንድ ሲደርስ ግን ወደ ጀርባው ዞሮ አንገቱን አሳየኝ። «አባቴ፣ ከዚህ ውስጥ የምፈልገው አንገቱ ላይ የተጠመጠመችውን መዳብ ብቻ ነው። ከፈቀዱ እዚሁ ልስበረውና ላውጣት፤ የቀረውን እርስዎ ይጥሉታል» አለኝ። የባትሪ ድንጋዩንና አምፖሎቹን ዞር ብሎም አላያቸው። ስልኮቹን እንደያዝኳቸው ባትሪያቸው ያበጠውን አይቶ «እነዚህስ ይቅሩብኝ» ብሎ ሄደ።

ለእኔ ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። ከአንድ አሮጌ ዕቃ ውስጥ ገበያው የሚፈልገው መዳቡን፣ አሉሚኒየሙንና ብረቱን ነው፤ ይህንንም ቆራሌው ማንም ሳያዝዘውና ማንም ሳይከፍለው ከየደጃፋችን ሰብስቦ ይወስድልናል። እርሳስ የሚባለው ብረት የተቀላቀለበትን የቴሌቪዥን ቱቦ፣ ባዜቃ (ሜርኩሪ) ያለበትን አምፖል፣ የሞተውን የባትሪ ድንጋይና ያበጠውን የስልክ ባትሪ ግን ገበያው አይፈልጋቸውም። ዋጋ ያለው ይሄዳል፤ መርዝ ያለበት ይቀራል። ስለዚህ ከተማው በጋሪ ሊሰበስበው የሚገባው፣ ለዚህም ከእኛ ገንዘብ የሚቀበልበት ሥራ፣ በትክክል ይህ ቆራሌው ትቶት የሚሄደው ክፍል መሆን አለበት። የዚህ ደብዳቤ ጥያቄም ይኸው አንድ ነው።

የቀረው ምን ያህል እንደሚጎዳ ማጋነን አልፈልግም፤ ማቃለልም አይገባም። በቱቦ የሚሠራ አንድ ቴሌቪዥን ከመስተዋቱ ጋር የተዋሐደ ከአንድ ኪሎ በላይ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። መስተዋቱ ሳይሰበር ሳሎን ውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ ማንንም አይጎዳም፤ ተፈጭቶ ከቆሻሻ አሲድ ጋር ዝናብ ሲመታው ነው እርሳሱ መውጣት የሚጀምረው። እርሳስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃው የሕፃናትን አእምሮ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በልጆች ደም ውስጥ ምንም ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። በቆጣቢ አምፖል ውስጥ ያለው ባዜቃ ጥቂት ሚሊግራም ቢሆንም፣ አምፖሉ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲሰበር በእንፋሎት መልክ የሚወጣ ነው፤ መጥረጊያ ይዞ የሚጠጋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቤቱ ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። ያበጠ የስልክ ባትሪ ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ ይቀጣጠላል፤ ፕላስቲክና ወረቀት በተሞላ ጋሪ ውስጥ ቢቀጣጠል ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ስለ ባትሪ ድንጋይ ስጽፍ ራሴን ነጻ ላወጣ አልችልም። መምህርነትን በጀመርኩበት በወረኢሉ አካባቢ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ጥቁር ሰሌዳው ሲነጣብን ተማሪዎች ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይዘው እንዲመጡ አዝዝ ነበር። ልጆቹ በጠጠር ቀጥቅጠው ጥቁሩን ዱቄት ያወጣሉ፤ በውሃ ይበጠብጡታል፤ በመዳፋቸው ሰሌዳውን ይለቀልቁታል። ሰሌዳው እንደ አዲስ ይጠቁርልን ነበር። ሳሙና ግን አልነበረም፤ በዚያው እጃቸው ከኪሳቸው ቆሎ እያወጡ ይበሉ ነበር። ያ ዱቄት ማንጋኒዝና ካርቦን እንደሆነ፣ የዚያን ዘመን ብዙዎቹ ድንጋዮች ባዜቃም እንደነበረባቸው የፊዚክስ መምህሩ ሊያውቅ ይገባው ነበር። ከዚያ በኋላም ለዓመታት በቤቴ ያለቀውን ድንጋይ የጣልኩት ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጎረቤቶቼም እንዲሁ። «ከዓይን ራቀ» ብለን ነበር፤ ከከርሰ ምድር ውሃው ግን አልራቀም።

ከቤቴ በታች ወዳለው ወንዝ ዳር ከወረድኩ ቆይቼ ነበር። በመስከረም አንድ ቀን ማምሻውን ጢስ ሸቶኝ ስወርድ፣ ሦስት ልጆች አሮጌ ጎማ አቀጣጥለው በላዩ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲያቃጥሉ አገኘሁ። ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ መዳቡ ነው እንደዚያ የሚያስመስለው። ጢሱ ጉሮሮ ይይዛል። ገመዱ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ ክሎሪን ስላለበት ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባለውን እጅግ መርዘኛ ነገር ይፈጥራል፤ እነዚያ ልጆች ግን የሚያዩት በነጋታው በኪሎ የሚሸጡትን መዳብ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ የተፈጨ የቴሌቪዥን መስተዋት በድንጋዮቹ መካከል ያብለጨልጭ ነበር። ቆራሌው በእኔ በረንዳ ላይ ሊያደርገው የነበረውን አንድ ሌላ ሰው እዚያ አድርጎታል።

እኛ ከወንዙ ራስጌ ነን። ቦርከና ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ጨፋ ይወርዳል፤ በዚያ ረግረግ ሰፊ መሬት ይለማበታል፤ በበጋም ከአፋርና ከኦሮሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ የሚመጡ ከብቶች ይሰማሩበታል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይቀላቀላል። ወንዝ ዳር የተሰበረ ቱቦ ክረምት ሲገባ የሚሄደው ወደ እነርሱ ነው። በሐይቅ ከተማ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ ስለሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አለመሆኑ የታወቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመንጭታለች፤ ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ የዓለም ሰው ሲካፈል 7.8 ኪሎ ይደርሰዋል፤ በአፍሪካ ግን ድርሻችን 2.5 ኪሎ ያህል ነው። የእኛ ችግር የብዛት ችግር አይደለም ማለት ነው። በአህጉራችን በደንብ የሚሰበሰበው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጥቂት እንጥላለን፤ ያችኑ ጥቂት ደግሞ ፈጭተንና አቃጥለን እንጥላታለን።

መጠኑ ግን እየጨመረ እንደሚሄድ በራሳችን ሰፈር ይታያል። በ2014 ዓ.ም ጦርነት ወቅት መብራት ለሳምንታት ጠፍቶብን ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ አቅም ያለው ሁሉ የሶላር መብራት፣ ፓወር ባንክ ወይም ቻርጅ የሚደረግ የእጅ ባትሪ ገዝቷል። እነዚህ ዕቃዎች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ አሁን አንድ በአንድ እየሞቱ ናቸው። ሁሉም በሆዳቸው ባትሪ አለባቸው፤ የአብዛኞቹም ባትሪ ሊቀየር እንዳይችል ሆኖ የታሸገ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፣ እንደገና ጥቅም ሊሰጥ የሚችለውን ቆሻሻ ከሚወገደው የመለየትን ግዴታ በእያንዳንዱ አባወራ ላይ ጥሎ ነበር። በ2010 ዓ.ም ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን አያያዝና አወጋገድ ብቻ የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425 አውጥቷል። እኔ አባወራው ለይቻለሁ፤ በረንዳዬ ላይ ለይቼ ደርድሬአለሁ። የጎደለው የለየሁትን የሚቀበለኝ ነው።

ከዕቃዎቼ መካከል አንዱን ቻርጀር አገላብጬ ስመለከት፣ በጀርባው ላይ ሁለት መስመር የተሰረዘበት ባለ ጎማ የቆሻሻ ገንዳ ሥዕል አገኘሁ። አንባቢም ሪሞቱን ወይም ቻርጀሩን ገልብጦ ቢያይ አያጣውም። ምልክቱ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ካወጣው መመሪያ ጋር የመጣ ሲሆን፣ «ይህን ዕቃ ከቤት ጥራጊ ጋር አትጣል» ማለት ነው። እዚያ ምልክቱን ያየ ሰው ዕቃውን የሚወስድበት ቦታ አለው። በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችንና ባትሪዎችን ለብቻቸው በከረጢት አድርገህ ከቆሻሻ ገንዳህ አጠገብ አስቀምጥ፣ የተለመደው መኪና ሲመጣ ይዞት ይሄዳል ይላሉ። ልዩ መኪና፣ ልዩ ቀን፣ ልዩ መሥሪያ ቤት የለም፤ የተለመደው መኪና አንድ ተጨማሪ ሣጥን ተገጥሞለታል። እኛ ጋ ሲደርስ ያ ሣጥን ከጋሪው ጎን የሚንጠለጠል አንድ ማዳበሪያ ነው።

ሌላም የማልረሳው ምሳሌ አለ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የተዘጋጁት ወደ 5,000 የሚጠጉ ሜዳሊያዎች በሙሉ የተሠሩት ጃፓናውያን ከየቤታቸው አውጥተው ካስረከቧቸው አሮጌ ስልኮችና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 79 ሺህ ቶን ዕቃ ተሰብስቦ 32 ኪሎ ወርቅ ወጥቶበታል፤ አብዛኛውንም የሰበሰቡት ከመላ አገሪቱ የተውጣጡ ከ1,600 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች ናቸው። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም ሰሎሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር ያሸነፈልን ወርቅ፣ በላዩ የተለበጠው 6 ግራም ወርቅ የተገኘው ከብዙ ሰዎች መሳቢያ ውስጥ ከወጡ የሞቱ ስልኮችና ዕቃዎች ነው። ያን ዕለት ከቴሌቪዥን ፊት ቆመን ስንጮህ ይህን የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት ነበር? እኔ አላውቅም ነበር።

ነገሩን ያነሣሁላቸው ሰዎች አብዛኞቹ «ፋብሪካ በሌለበት መሰብሰቡ ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው፦ ሳይሰበር የተቀመጠ ቴሌቪዥን ዓመት ቢቆይም ማንንም አይጎዳም፤ የተሰበረው ግን በአንድ ክረምት ወንዝ ይገባል። ፋብሪካው እስኪመጣ ድረስ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ያለው፣ የሚቆለፍ አንድ ክፍል በየክፍለ ከተማው ይበቃል። በአዲስ አበባ አቃቂ አካባቢ አሮጌ ኮምፒውተር የሚታደስበትና የሚፈታበት ማዕከል ከተቋቋመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከደሴ እስከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዕቃ አድርሶልን ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ደግሞ በየቀኑ አናጣም። በራሳችን አገር ቤትም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ ኮምቦልቻ ላይ አለ፤ በየከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። ቦርድ ከቆርቆሮ፣ ገመድ ከፕላስቲክ ሳያቃጥሉ የመለየት ሥራ ለእነዚህ ተማሪዎች ከብላክቦርድ የተሻለ መማሪያ ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን የጥገና ቤቶቻችን ሊማከሩ ይገባል። በፒያሳም ሆነ በሰኞ ገበያ ዙሪያ ብየዳቸውን ይዘው የተቀመጡት ጠጋኞች፣ እኛ ሞቷል ያልነውን ሪሲቨር አንዲት ትንሽ ኮንደንሰር ቀይረው ሲያስነሡት ስንት ጊዜ አይተናል። የሚሰበሰበው ዕቃ መጀመሪያ በእነርሱ እጅ ቢያልፍ ከፊሉ ቆሻሻ መሆኑ ይቀራል፤ ከሌላው ደግሞ መለዋወጫ ያገኛሉ። ልጆቼ ሁለቱን ስልኮች እንደዚህ አስነሥተዋቸዋል።

ቆራሌውን ከዚህ ሥራ ማስወጣት አይቻልም፤ አይገባምም። ከእያንዳንዱ ደጃፍ ጋር ቋንቋ ያለው እርሱ ነው። ቴሌቪዥን የሚሰብረው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሙሉውን ቢሸከም የሚከፍለው ስለሌለ ነው። ከተማው ያልተሰበረ ቴሌቪዥን ለሚያመጣ ሰው ከአንገቱ መዳብ ዋጋ ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ቢከፍል፣ ያልተቃጠለ ገመድንም ከተቃጠለው መዳብ ባላነሰ ዋጋ ቢገዛ፣ ማስፈራሪያም ቅጣትም ሳያስፈልግ ወንዝ ዳር ያለው እሳት ይጠፋል ብዬ አምናለሁ። በጋና አክራ ገመድ ሳይቃጠል ለሚያስረክቡ ሰብሳቢዎች ገንዘብ የሚከፈልበት አሠራር ተሞክሯል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ትልቁን ድርሻ ዕቃውን ወደ አገር የሚያስገባው አስመጪ ሊሸከመው ይገባል እላለሁ፤ ይህ ግን ከከተማችን ሥልጣን በላይ ስለሆነ የፌዴራሉ ይሁን። እስከዚያ ድረስ ግን እኔ በበኩሌ ለጽዳት ማኅበሩ በየወሩ ከምከፍለው ላይ 10 ብር ብጨምር ቅር አይለኝም።

አሁን ወደ ቅሬአችን ልምጣ። ቅሬአችን ወደ 140 የሚጠጋ አባወራ ያለው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ የሰፈረበት የተለመደ የወሎ ቅሬ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ እንሰበሰባለን፤ የቀረ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ የሚቀመጥበት የተቆለፈ ዕቃ ቤትም አለን። በጥቅምቱ ስብሰባ ተነሥቼ፣ አባላት መዋጮ ይዘው ሲመጡ ያለቀ የባትሪ ድንጋይና የተበላሸ ስልክም ይዘው እንዲመጡ ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ ሽማግሌ ከወደ ኋላ ሆነው «መምህር፣ ቅሬ የሚያነሣው የሰው ሬሳ ነበር፤ አሁን ደግሞ የስልክ ሬሳ አንሡ ልትለን ነው?» ሲሉ ጉባኤው በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲያበቃ ግን እሳቸው ራሳቸው «ይሁን፣ ከቤቴም ሞልቷል» አሉ። በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ስብሰባዎች የመጣውን በመዝገብ ይዤዋለሁ፦ ግማሽ ማዳበሪያ የባትሪ ድንጋይ፣ 63 የእጅ ስልክ፣ 11 የሶላር መብራት፣ 48 ቆጣቢ አምፖል፣ ሪሞትና ቻርጀር ሳይቆጠር። ብዙዎቹ ስልኩን ከማስረከባቸው በፊት ሲምና ሚሞሪውን እንዲያወጡ ማስታወስ ነበረብኝ፤ አንዲት እናት ስልኩ ቢሞትም የልጇ ፎቶ ያለበት ስለሆነ አልሰጥም ብላ መልሳ ወስዳዋለች፤ መብቷ ነው። አምፖሎቹን እያንዳንዳቸውን በጋዜጣ ጠቅልለን በካርቶን አቆምናቸው። የስልክ ባትሪዎቹን ጫፋቸውን በፕላስተር አሸግን፤ ያበጡትን ሰባቱን ደግሞ ደረቅ አሸዋ በሞላነው የቅቤ ቆርቆሮ ውስጥ ቀብረን ከድንኳኑ አርቀን ከበሩ አጠገብ አስቀመጥን። ይህን ሁሉ ያደረጉት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው፤ ያወጣነውም የፕላስተሩን ገንዘብ ብቻ ነው።

ከዚህ በላይ ቅሬ ሊያደርገው የሚችለው የለም። የቀብር ዕቃ የተቀመጠበት ክፍል ባትሪ ለረጅም ጊዜ የሚከማችበት ቦታ አይደለም፤ አባላትም በየስብሰባው «መቼ ነው የሚነሣው?» ማለት ጀምረዋል፤ መልስ የለኝም። በከተማችን ቅሬ የሌለው ሰፈር የለም። እያንዳንዱ ቅሬ በየሦስት ወሩ አንድ ማዳበሪያ ቢያዘጋጅና የሰፈሩ የጽዳት ጋሪ በታወቀ ቀን መጥቶ ቢረከበው፣ አስተዳደሩ ቤት ለቤት የሚዞር አንድም ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልገውም። ከእርሱ የሚፈለገው የተቆለፈ ክፍል፣ ለጋሪዋ ልጅ ወፍራም ጓንት፣ በየሦስት ወሩም አንድ ቀን ነው።

ቴሌቪዥኑ እስካሁን በረንዳዬ ላይ ነው፤ ባለቤቴ ጨርቅ አልብሳው የአበባ ጣሳ አስቀምጣበታለች። የቅሬው ዕቃ ቤት ቁልፍ ደግሞ በእኔ ዘንድ ነው። አስተዳደሩ ጋሪ የሚልክበትን ቀን ቢያሳውቀን፣ አባላቱ ካርቶኖቹንም ማዳበሪያውንም ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ድረስ ያደርሱለታል፤ በመዝገብም እናስረክበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህርና የቅሬ ጸሐፊ፣ ከደሴ